የጠየቁት እናቶች

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሐጅ ከመዲና ሲነሱ ብዙ ሕዝብ አብሯቸው ወጣ። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቁ፣ የመዲና ሐጃጆች ኢሕራም በሚያደርጉባት በዙል ሑለይፋ፣ የአቡበክር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ያደረጉት ሐጅ ይህ ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ ሲመኙት የኖሩት ጉዞ ገና ከደጃፉ በደም ሲቋረጥ ምን እንደሚሰማ ሴት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። አስማእ ግን ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ምን ላድርግ ብላ ወደ ነቢዩ ላከች። እሳቸውም ገላዋን እንድትታጠብ፣ በጨርቅ አጥብቃ እንድትታጠቅ፣ ከዚያም ኢሕራም እንድታደርግ ነገሯት። አራሷ እንደማንኛውም ሐጃጅ መንገዷን ቀጠለች። ዛሬ ሐይድ (የወር አበባ) ወይም ኒፋስ (የወሊድ ደም) ላይ ሆና ወደ መካ የምትሄድ ሙስሊም ሴት የምትመራበት ብይን አስማእ ያን ዕለት በላከችው ጥያቄ የተገኘ ነው።

ስለ ሴቶች የተጻፉትን የፊቅህ ምዕራፎች ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚይዘው ይህ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ከድንጋጌው ነው፤ ይህ ይፈቀዳል፣ ያ አይፈቀድም፣ ይህን ያህል ቀን፣ ያን ያህል ውሃ። ወደ መነሻው ሐዲስ ወረድ ሲሉ ግን ከብዙው ብይን በስተጀርባ ስም ያላት አንዲት ሴት ቆማ ትገኛለች። ወይ አሟታል፣ ወይ ጸጉሯ አስቸግሯታል፣ ወይ ባሏ በድሏታል። ጠይቃለች፤ ተመልሶላታል። በየመድረሳው ደረቅ ሆኖ የሚሸመደደው ነገር መጀመሪያ የአንድ ሰው ጭንቀት ነበር።

የዚህ አገር ልጅ በመሆኔ ይሆናል፣ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሐበሻን ያዩት ጎላ ብለው ይታዩኛል። አስማእ ከመጀመሪያ ባሏ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ጋር በነጃሺ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች፤ ልጆች የወለደችውም እዚሁ ነው። ኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆነችው ኡሙ ሰላማ ከቀድሞ ባሏ ከአቡ ሰላማ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳለች። ኡሙ ሐቢባ ባሏን ያጣችው፣ ከነቢዩ ጋር የጋብቻ ውል የታሰረላትም እዚህ ሳለች ነው። ሰውዳ ቢንት ዘምዓም ከስደተኞቹ አንዷ ነበረች። በኋላ ስለ ትጥበት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ሐጅ ሴቶች የሚመሩባቸውን ሐዲሶች ስናነብ የእነዚህ አራት ሴቶች ስም ደጋግሞ ይመጣል። ባሕር ተሻግረው፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር ልጅ አሳድገው የተመለሱ ሴቶች ለመጠየቅ የሚሸማቀቁ አልነበሩም። አስማእ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በመርከብ ስትመለስ ዑመር በስደት እኛ ቀድመናችኋል ቢላት ተቆጥታ በቀጥታ ወደ ነቢዩ ሄደች። ሌሎቹ አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት እንዳላቸው ከራሳቸው አንደበት ሰማች። ከዚያ በኋላ ከሐበሻ የተመለሱት ሰዎች ይህን ቃል ከእሷ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

ስለ አስማእ የሚተረክ ሌላም ነገር አለ። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር አስጨነቃት፤ ሴት ስትሞት ጨርቅ ብቻ ጣል ተደርጎባት ስትወሰድ የሰውነቷ ቅርጽ ይታያል። አስማእ በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጥታ አጎበጠችው፣ በላዩ ጨርቅ ዘረጋች፣ አስከሬን እንዲህ ተሸፍኖ እንደሚወሰድ አሳየቻት። ፋጢማ ወደደችው፣ ለራሷም እንዲደረግላት ተናዘዘች ይባላል። ለሟች ሴት ገመና የሚሳሳ ሥርዓት ከዚህ አገር ወደ መዲና ሄደ ማለት ነው። በየቀብሩ ቃሬዛ ላይ ስለሚጣለው ሽፋን ሳስብ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል።

ወደ ኡሙ ሰላማ ልመለስ። ጸጉሯን አጥብቃ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከጀናባ ስትታጠብ ጉንጉኑን መፍታት ይኖርባት እንደሆነ ነቢዩን ጠየቀች። አያስፈልግም፣ ሦስት እፍኝ ውሃ ራሷ ላይ አፍስሳ ከዚያ ሌላውን ገላዋን መታጠብ ይበቃታል አሏት። ሹሩባ የተሠራች የእኛ አገር ሴት ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚያቀል ማስረዳት አያስፈልጋትም። ግማሽ ቀን ቁጭ ተብሎ፣ አንገት ደንዝዞ፣ የራስ ቅል እስኪወጠር የተጎነጎነ ጸጉር ነው። ለእያንዳንዱ ትጥበት ይፈታ ቢባል ያገባች ሴት ወይ ሹሩባ ትተዋለች፣ ወይ ሶላቷ በየጊዜው ይጓተታል። ኡሙ ሰላማ ለራሷ ጠይቃ ለእኛ ሁሉ ቀንበሩን አነሣችልን።

ይህ መልስ ከተሰጠ ከዓመታት በኋላም ቀንበሩን መልሶ የሚጭን አልጠፋም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ሴቶች ሲታጠቡ ጉንጉናቸውን እንዲፈቱ ያዛል የሚል ወሬ የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ ጆሮ ደረሰ። ዐብዱላህ ሐዲስ ይጽፍ የነበረ ትልቅ ሰሐባ ነው። እሷ ግን በዚህ ተገረመች፤ ታዲያ ለምን ጸጉራቸውን ተላጩ ብሎ አያዛቸውም አለች። ከዚያም እሷና ነቢዩ ከአንድ ዕቃ ውሃ እየቀዱ ይታጠቡ እንደነበርና ራሷ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ አታፈስ እንደነበር ተናገረች። የሐይድን ትጥበት በተመለከተ ሐንበሊዎች ጸጉር ይፈታ ሲሉ አብዛኞቹ ዑለሞች ውሃው ሥሩ እስከደረሰ ድረስ ግዴታ አያደርጉትም። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ ዓኢሻ የተናገረችበት ድምፅ በሐዲሱ ውስጥ አሁንም ይሰማኛል። ጸጉር ያላት ሴት ጸጉር ስለመታጠብ ስትመሰክር የምትጨምረው ነገር አለ።

ኡሙ ሰላማ ስለ ልብስም ጠይቃለች። ልብሱን በኩራት የሚጎትት ሰው እንደሚወቀስ ስትሰማ፣ ሴቶችስ የቀሚሳቸውን ጫፍ ምን ያድርጉት አለች። ስንዝር ያህል ዝቅ ያድርጉት ሲሏት፣ እንዲያ ከሆነ እግራቸው ይገለጣል ብላ መለሰች። እንግዲያው ክንድ ያህል ያውርዱት፣ ከዚያ ግን አይለፍ ተባለ። ይህን ሐዲስ ሳነብ የሚያስደስተኝ መመላለሱ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ሰምታ ዝም ብትል ኖሮ የሚያስነውራት አልነበረም። እሷ ግን የሴት እግር፣ የሴት አረማመድ ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ የጎደለውን ተናገረች፤ ነቢዩም የተናገረችውን ተቀብለው ልኩን አስተካከሉ። ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ወደ እሷ መጥታ፣ ቀሚሴ ረጅም ነው፣ በቆሸሸ ቦታም እሄዳለሁ ብላ ጠየቀቻት። ኡሙ ሰላማ ተከትሎ የሚመጣው ንጹሕ መሬት እንደሚያጠራው ከነቢዩ የሰማችውን ነገረቻት። ክረምት ላይ በየመንደሩ ጭቃ ውስጥ ወደ መስጂድ የምትሄድ እናት ቀሚሷን እያየች የምትጨነቀው ጭንቀት ያኔም ነበር።

ስለ ገላ መጠየቅ ግን ስለ ልብስ ከመጠየቅ ይከብዳል። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ይህን ታውቅ ነበር። ሴት በእንቅልፏ ወንድ እንደሚያየው ካየች መታጠብ አለባት ወይ ብላ ለመጠየቅ ስትመጣ መጀመሪያ አላህ እውነትን ከመናገር እንደማያፍር አስቀደመች። አዎ፣ እርጥበቱን ካየች ትታጠባለች ተባለች። አጠገቧ የነበረችው ኡሙ ሰላማ ከሐፍረት የተነሣ ፊቷን ሸፈነች፤ ግን እሷም ሴት እንዲህ ይገጥማታል ወይ ብላ ከመጠየቅ አልተመለሰችም። ፊቷን ሸፍና ጠየቀች። ሐያእ ማለት ለእኔ ከዚህ በላይ የሚገለጥበት ቦታ የለም። ሐፍረቱም አልተጣለም፣ ጥያቄውም አልቀረም።

የአንሷር ተወላጅ የሆነች አንዲት ሴት፣ በሙስሊም ዘገባ አስማእ ቢንት ሸከል የተባለችው፣ ከሐይድ በኋላ ስላለው ትጥበት ልትጠይቅ መጣች። ነቢዩ አጣጣቡን ከነገሯት በኋላ ሚስክ የነካው ጨርቅ ይዛ እንድትጠራበት ጨመሩላት። በእሱ እንዴት ነው የምጠራው አለች። ሱብሓነላህ ብለው ዘወር አሉ፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አሳፈራቸው። ያን ጊዜ ዓኢሻ ሴትየዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻትና የደም ምልክት ያለበትን ቦታ እንድትጠርግበት በጆሮዋ ነገረቻት። ያቺው ዓኢሻ ናት የአንሷር ሴቶችን፣ ሐፍረት ሃይማኖታቸውን ከመማር አላገዳቸውም ብላ ያመሰገነቻቸው። ነቢዩ ያቆሙበትን ዓረፍተ ነገር አንዲት ሴት ጨረሰችው። ብይኑ የእሳቸው ነው፤ ወደ ጠያቂዋ ገላ ያደረሰችው ግን ዓኢሻ ናት። የሴቶች ፊቅህ ያለ ሴት መምህር ሙሉ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ደሟ የማይቆም ሴት ነበረች። አልጠራም፣ ሶላቴን ልተወው ወይ ብላ መጣች። የጠየቀችውን ልብ እንበል፤ ስለ ሕመሟ መድኃኒት አልጠየቀችም፣ ከሶላት መለየቷ ነው ያስጨነቃት። ነቢዩ ይህ የደም ሥር እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ ነገሯት፤ የሐይዷ ቀናት ሲመጡ ሶላት እንድትተው፣ ሲያልፉ ደሙን አጥባ እንድትሰግድ አዘዟት። ኢስቲሓዷ የሚባለው ምዕራፍ በሙሉ ከዚህ ተነሣ። ከእሷ በኋላ የመጡት ዑለሞች፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ወንዶች፣ ዕድሜያቸውን ሰጡበት። ኢማም አሕመድ የሐይድን ነገር እስኪረዱት ዘጠኝ ዓመት እንደቆዩበት ይነገራል። የሻፊዒ ዑለሞች ልማዷን ረስታ፣ ደሟም አልቆም ብሎ ግራ ስለተጋባችው ሴት የጻፉት ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ወጥቶታል። አንድ ጊዜ እንኳ ደም አይተው የማያውቁ ሰዎች በመብራት ሥር ተቀምጠው፣ አንዲት የማያውቋት ሴት በየትኛው ቀን መስገድ እንዳለባት ሲያሰሉ አድረዋል። ውስብስብነቱ ለብዙዎች አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ትልቅ አክብሮት አየሁበት። የዚያች ሴት አንዲት ሶላት እንዳትጠፋባት የተደረገ ድካም ነው።

መልሳቸውም አንድ አልሆነም። ለሐነፊዎች ሐይድ ከሦስት ቀን አያንስም፣ ከአሥር አይበልጥም። ለሻፊዒዎች ትንሹ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት፣ ትልቁ 15 ቀን ነው። ሁለቱም መዝሃቦች ወሎ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ የሰባት ቀን ልማድ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ደማቸው 12ኛው ቀን ላይ ቢደርስ የሐነፊዋ ታጥባ ስትሰግድ የሻፊዒዋ ገና ትጠብቃለች። ሁለቱም አላህን እየታዘዙ ነው። ይህን ሳሰላስል እረጋጋለሁ። ትክክል የሆነው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በገላዋ ነገር እርግጠኛ መሆን ለማትችል ሴት ምንኛ በጠበበ! ኡስታዟን ጠይቃ፣ አንዱን መዝሃብ ይዛ፣ በቅን ልብ የሠራች ሴት ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ሊያሳድዳት አይገባም።

ጥርጣሬ ማለቴ ወስዋስን ነው፤ ስንት ደጋግ ሴቶችን አድክሟል። በመዲና ሴቶች ጥጥ በትንሽ ዕቃ አድርገው ወደ ዓኢሻ ይልኩ ነበር፤ ጥጡ ላይ ቢጫ ነገር አለ፣ ጠርተናል ወይ ለማለት። እሷም ነጩን ፈሳሽ እስኪያዩ እንዳይቸኩሉ ትነግራቸው ነበር። ያን ጥጥ የላከች ሴት ምንኛ ብታምናት ነው! ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ሌላ ዘገባ አለ። አንዳንድ ሴቶች በእኩለ ሌሊት መብራት አስመጥተው ጠርተው እንደሆነ እንደሚመለከቱ የዘይድ ኢብን ሣቢት ልጅ ሰማች። ነቀፈቻቸው፤ የቀድሞዎቹ ሴቶች እንዲህ አያደርጉም ነበር አለች። ትጋት ወደ ጭንቀት ሲለወጥ ያስቆመችውም ሴት ናት።

ሙዓዛ የተባለች የበስራ ሴት ደግሞ ዓኢሻን፣ ሐይድ ላይ የነበረች ሴት ፆሟን ቀዷ ስታወጣ ሶላቷን የማታወጣው ለምንድን ነው አለቻት። ዓኢሻ መጀመሪያ ጥያቄው ኸዋሪጅ የተባለው አንጃ ጥያቄ መስሏት ጠረጠረቻት፤ ሴትየዋ የምጠይቀው ለማወቅ ነው ስትል ግን በነቢዩ ዘመን የፆሙ ቀዷ እንጂ የሶላቱ እንዳልታዘዘ ነገረቻት። ፉቀሃዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ችግርን ማንሣት ሆኖ አገኙት። ሰባት ቀን ሐይድ የምታይ ሴት በወር 35 ሶላት ያልፋታል፤ በዓመት 420። ፆሙ ግን ከአንድ ረመዳን የሚቀረው ሰባት ቀን ነው። ዓኢሻ ራሷ ያን ቀዷ እስከ ሻዕባን ድረስ ማውጣት ሳትችል እንደምትቆይ ተናግራለች። ረመዳን ሊገባ ሲል ያለፈውን ቀዷዋን እየቆጠረች የምትሸማቀቅ የቤት እመቤት የነቢዩ ሚስት አብራት እንዳለች ትወቅ።

አራስነት ላይ ሕዝባችን ራሱን ከብይኑ በላይ የሚያስጨንቅበት ልማድ አለው። ብዙ እናቶች አርባ ቀን ሳይሞላ ሶላት አይጀመርም ብለው ያምናሉ። አርባው ለሐነፊዎችና ለሐንበሊዎች፣ ስድሳው ለሻፊዒዎችና ለማሊኪዎች የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ትንሹ ወሰን የለውም ይላሉ ብዙዎቹ። ደሟ በአሥራ ሁለት ቀኗ የቆመ አራስ ያን ዕለት ታጥባ ትሰግዳለች፣ ትፆማለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ቆጥረው ክርስትና ያነሣሉ፤ አብሮ መኖር ነውና ቁጥሩ ወደ እኛም ቤት ገብቶ፣ ሴት የወለደች ትቆይ ሲባል የሚሰማበት ጊዜ አለ። በፊቅሁ ግን የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት የእናትየዋን ቀን አይለውጠውም። ይህን ሳያውቁ በየአራስ ቤቱ ስንት ሶላት ባከነ! ማንም አልጠየቀማ።

አስማእ በወለደችበት በዚያው የስንብት ሐጅ፣ መካ ሊደርሱ ሲቃረቡ ሰሪፍ በተባለ ቦታ ዓኢሻ ሐይድ መጣባትና አለቀሰች። ነቢዩ ገብተው ሲያገኟት፣ ይህ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የጻፈው ነገር እንደሆነ ነገሯት፤ ከካዕባው ጠዋፍ በቀር ሐጃጅ የሚያደርገውን ሁሉ እንድታደርግ አዘዟት። ጥፋት እንደሠራች አልተቆጠረችም። ቤታቸው ሳሉም ሐይድ ላይ ስትሆን ነቢዩ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አሳርፈው ቁርኣን ያነቡ እንደነበር እሷው ተርካለች። በሐጁ መጨረሻ ደግሞ ሌላዋ የነቢዩ ባለቤት ሶፊያ ሐይድ አየች። ልታዘገየን ነው እንዴ ሲሉ፣ የሐጁ ምሰሶ የሆነውን የኢፋዷን ጠዋፍ ማድረጓ ተነገራቸው፤ እንግዲያው ትጓዝ አሉ። የስንብት ጠዋፍ ሐይድ ላይ ላለች ሴት ቀረላት። የኢፋዷው ጠዋፍ የቀረባት ሴት ነገር ግን ከባድ ነው፤ እንደ ዛሬው በአውሮፕላን ትኬት፣ በቪዛ ቀንና በቡድን ለምትጓዝ ሐጃጅ ይብሱን ይከብዳል። ኢብን ተይሚያ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ የጉዞ ጓደኞቿ የማይጠብቋት ሴት አጥብቃ ታጥቃ ጠዋፍ ብታደርግ ሐጇ ይበቃታል ብለው ጽፈዋል፤ ያኔ የሚያስቸኩለው የግመል ቅፍለት ነበር። አሁን ብዙ ሴቶች ከጉዞው በፊት ሐይድ የሚያዘገይ ክኒን ይወስዳሉ። ጤናዋን የማይጎዳ ከሆነ ዑለሞች ይፈቅዱታል፤ ሐኪም ሳታማክር መጀመሯ ግን ያሳስበኛል።

ኡሙ ሐቢባ አባቷ አቡ ሱፍያን ሲሞቱ በሦስተኛው ቀን ሽቶ አስመጥታ ተቀባች። ሽቶው እንዳላማራት፣ ግን ሴት ከባሏ በቀር ለማንም ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን እንዳትቀመጥ፣ ለባሏ አራት ወር ከአሥር ቀን እንደሆነ ከነቢዩ መስማቷን ተናገረች። ይህን የተረከችልን የኡሙ ሰላማ ልጅ ዘይነብ ናት። ከእስልምና በፊት ባሏ የሞተባት ሴት ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ ክፉ ልብሷን ለብሳ፣ ዓመት ትቀመጥ እንደነበርም አብራ ነግራናለች። ለወንድሟ ዓመት ሙሉ ከል የምትለብስ፣ ጸጉሯን የማትነካ፣ ከሠርግ የምትቀር ሴት በየቤታችን አለች። ቶሎ ብታወልቅ ሰው ምን ይላል ትላለች። ኡሙ ሐቢባ ሐዘኗ ሳይወጣላት ነው ሽቶውን የተቀባችው፤ ሐዘኑ በልቧ ይኖራል፣ ሕይወት ግን በሦስተኛው ቀን ይፈቀድላታል።

በዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ሶላት የምሰግድበት ጊዜ አይሰጡኝም፤ ዙህርና ዐስርን ላጣምር ወይ? ወንድ በሚገባበት ማድ ቤት ሻሼን አውልቄ ውዱእ ማድረግ አልችልም፤ ምን ላድርግ? በሌሊት፣ ሥራው ሲያልቅ፣ በስልክ ድምፅ ቀድተው ለኡስታዝ ይልካሉ፤ መልሱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። መልስ ግን አለ። ነቢዩ በመዲና፣ ፍርሃትም ዝናብም ሳይኖር ሶላት ማጣመራቸውንና ሕዝባቸውን ላለማስቸገር መሆኑን ኢብን ዐባስ ዘግበዋል፤ ልማድ ሳይሆን ሲቸግር ማጣመርን ከዚህ ተነሥተው የፈቀዱ ዑለሞች አሉ። ኡሙ ሰላማ በሻሿ ላይ ታብስ እንደነበር ይነገራል፤ ከሐንበሊዎች ዘንድ ይህን የሚቀበሉ አሉ። ልክ በዚያ ማድ ቤት ውስጥ ለቆመችው ልጅ የተቀመጠ የሚመስል መልስ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ነበር፤ የሚያደርስላት ነው የጠፋው።

ለዚህ ነው ኡስታዛዎች እንዲበዙ አጥብቄ የምመኘው። አሁን በየከተማው እየታዩ ነው፤ ቁርኣን የሐፈዙ፣ የፊቅህ ኪታብ ተምረው ያጠናቀቁ ሴቶች አሉ። ግን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ደሟን ስታይ የምትሮጥላት ሰው ብዙ ጊዜ የለችም። እናቷ ታፍራለች፣ እሷም ታፍራለች፣ መስጂድ ውስጥ ያለው ኡስታዝ ወንድ ነው፤ የሴቶች ቦታ የሌለው መስጂድም ገና ብዙ ነው። ነቢዩ ለዒድ ሴቶች ሁሉ እንዲወጡ፣ ሐይድ ላይ ያሉትም ከመስገጃው ገለል ብለው በዱዓው እንዲካፈሉ ሲያዝዙ ኡሙ ዐጢያ መደረቢያ የሌላትስ ብላ ጠይቃለች፤ እህቷ ታውሳት ተባለ። እኛም ከእነዚህ ሴቶች የተዋስነውን እናስታውስ። ልጆቻችንን ትሰግዳለህ ወይ፣ ትሰግጃለሽ ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ለመስገድ ምን እንደሚያስፈልጋት ለልጅቷ የነገርናት ስንቶቻችን ነን?

በዚያው በነቢዩ ሐጅ፣ ሰውዳ በሙዝደሊፋ ሌሊት ነቢዩን አስፈቀደች። ሰውነቷ ከባድ፣ እርምጃዋ ዝግተኛ ነበር፤ ሕዝቡ ሳይጋፋት ቀድማ ወደ ሚና ልትሄድ ፈለገች። ፈቀዱላትና ሄደች። ዓኢሻ እስኪነጋ ቆይታ ከሕዝቡ ጋር ወጣች። የሰው ሁሉ ጥያቄ ወደ እሷ ይመጣ የነበረችው፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሐዲስ ያስተላለፈችው ዓኢሻ፣ በኋላ ያን ሌሊት ስታነሣ እንደ ሰውዳ አስፈቅዳ ቢሆን ኖሮ ከሚያስደስታት ነገር ሁሉ ይልቅ ትወደው እንደነበር ተናገረች።